ፊቱን ያዞረ ሶላር

እኔ ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ቢኖር ካርቶን ላይ «የሚሠራ» እና «የማይሠራ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ነው፤ እነሱንም ሥራዬ ስለሆነ ነው። አሁን ደብተር ገዝቼ የተቀመጥኩት አንድ ያደረግኩት ነገር ስላለ ነው። ለሰው ልናገረው አልችልም። ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል፤ የጀመርኩትን ቃል ሳልጨርስ አቀረቅራለሁ። ወረቀት ግን አያየኝም።

የምሠራው ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአክስቴ ጋር ከምኖርበት ብሎክ ቀጥሎ ካለው ብሎክ ምድር ላይ ባለ ሱቅ ነው። በሩ ላይ «የፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን ጥገና» ይላል። የሱቁ ዋና ሥራ ግን የተማሪዎች መመረቂያ ፕሮጀክት ነው። በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ካሉት ኮሌጆች ተማሪዎች ርዕስ ይዘው ይመጣሉ፤ ጋሼ ይሠሩላቸዋል። ጋሼ የምላቸው የሱቁን ባለቤት ነው። ዕቃው ሲያልቅ አንድ ገጽ ወረቀት አብረው ይሰጧቸዋል። እዚያ ላይ አስተማሪዎቹ ሊጠይቁ የሚችሉት ጥያቄ ከነመልሱ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ፣ ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር እየተመላለሱ ያንን ገጽ በቃላቸው ያጠናሉ። የብሎኩ ሰው ለምዶታል። ከላይ ፎቅ ሆነው «ዛሬ ደግሞ ማን ነው ዳዊት የሚደግመው?» እያሉ የሚስቁ ሴቶች አሉ።

ጋሼ አንድ ሕግ ነበራቸው። ፕሮጀክቱ ተሠርቶ፣ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ሽቦዎቹ የተገናኙበት ቦታ ሁሉ በሙቅ ሙጫ ይደፈናል። ከሙጫው በኋላ ማንም አይነካውም። ተማሪው ሶኬት መሰካት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። «እጃቸው ከገባ ያበላሹታል፤ ካበላሹት ደግሞ እኔው ላይ ነው የሚጮኹት» ይላሉ። ሌላ ሱቅ ዕቃውን ፈትቶ እንዳይቀዳባቸውም ይፈራሉ። ሙጫውን የማፈሰው እኔ ነበርኩ።

ስቀጠር ሥራዬ መጥረግ፣ መወልወልና ከጎን ካለው ካፌ ሻይ ማመላለስ ነበር። ቆይቶ የሞቱ ፕሪንተሮችን መፍታት ተጨመረልኝ። ጥግ ላይ ካርቶን አንጥፌ እቀመጥና በካቻቪቴ እፈታለሁ፤ ጥርሱን ለብቻ፣ ዘንጉን ለብቻ፣ ሞተሩን ለብቻ። ከዚያ ሥራ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ትቼ ሽቦ ማገናኘት። ሌላ ምንም አልመኝም ነበር። ባልም፣ ልብስም፣ ዓረብ አገርም አልተመኘሁም። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው አራት ሽቦ ሲያስሩ ሳይ ምራቄን እውጥ ነበር።

ፕሪንተር ውስጥ ያለው ሞተር ስቴፐር ይባላል። እንደ ማራገቢያ ሞተር ዝም ብሎ አይዞርም። በደረጃ ነው የሚሄደው፤ የታዘዘውን ያህል ሄዶ ቀጥ ይላል። አራት ሽቦ ይወጣዋል። ውስጡ ሁለት የመዳብ ጥቅል ስላለ አራቱ ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ጥንድ ናቸው። የማይጣመሩትን ካጣመርክ ሞተሩ ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሄድም። ቀለማቸው ደግሞ ከፕሪንተር ፕሪንተር ይለያያል፤ በቀለም ማመን አይቻልም። ጋሼ የሚለዩት ቴስተር በሚባል የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ቴስተራቸውን የገዋናቸው ኪስ ውስጥ ነው የሚይዙት፤ ማንም አይነካውም።

መጀመሪያ የነካኋት ቦርድ እጄ ላይ ነው የተቃጠለችው። ሰማያዊ ናት፤ ከመዳፍ ታንሳለች። ሞተሩ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ የምታዘው እሷ ናት። ታዛለች እንጂ ጉልበት የላትም። መሃል ላይ ድራይቨር የሚባል ሌላ ትንሽ ሰሌዳ መግባት አለበት፤ ትእዛዙን ከቦርዷ፣ ጉልበቱን ከአዳፕተሩ ተቀብሎ ለሞተሩ ያደርሳል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጋሼ ምሳ ሲወጡ ሞተሩን በቀጥታ ቦርዷ ላይ ሰካሁት። የተቃጠለ ሽታ ሱቁን ሞላው። ጋሼ ሲመለሱ አልጮኹብኝም። ቦርዷን በሲባጎ አሰሩና አንገቴ ላይ አንጠለጠሏት። «እስክንዘጋ እንዳታወልቂያት» አሉኝ። እንደዚያው ሆኜ ሻይ ላመጣ ካፌ ገባሁ። አስተናጋጇ ቀና ብላ አየችኝና «ሜዳሊያ ነው?» አለችኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር።

ያም ሆኖ መነካካቱን አልተውኩም። አንድ ቀን ከፕሪንተር ያወጣሁትን ሞተር በጨርቅ እየወለወልኩ ዘንጉ በጣቴ አልዞር አለኝ። ከመቼው ዛገ ብዬ ሳየው ሁለት የተላጡ የሽቦ ጫፎች ተጠላልፈዋል። ለየኋቸው፤ ዘንጉ ቀለለ። መልሼ አነካካኋቸው፤ ጠነከረ። ከሌላ ሽቦ ጋር አነካካሁ፤ ቀለለ። ጥንድ የሆኑት ሲነካኩ ዘንጉ ይከብዳል ማለት ነው። ማንም አልነገረኝም። ያን ቀን መንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

አንድ ሳምንት ሳይሞላ የጋሼ ቴስተር ባትሪ አለቀ። ደንበኛ ቆሟል፤ ጋሼ ኪሳቸውን እየዳበሱ ይራገማሉ። ሞተሩን ከፕሪንተሩ ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ጥንዶቹን በጣቴ ሞክሬያቸው ነበር። ከጥጉ ሆኜ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ «ጥቁርና ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

አቀረቀርኩ።

«ምን አልሽ ነው የምልሽ!»

ደገምኩት። ደንበኛው ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ እንዳልኩት ሰኩት፤ ሞተሩ ሄደ። «እንዴት አወቅሽ?» አሉኝ። በጣቴ አሳየኋቸው። አዩኝና «አሃ» ብቻ አሉ። አመሰገኑኝ ብዬ አስቤ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ መታያ ሆንኩ። ተማሪዎች ሰብሰብ ብለው ሲመጡ ጋሼ የፎቶ ኮፒ ቀለም የሚጠርጉበትን ጨርቅ ያነሱና ዓይኔን ያስሩኛል። ሞተር እጄ ላይ ያስቀምጣሉ። «እዩዋት ይቺን! ስድስተኛ ክፍል ናት። ስሟን ስትጽፍ እጇ ይንቀጠቀጣል። አሁን ዓይኗን ታስራ ጥንዱን ታወጣላችኋለች። እናንተ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሩ ነበር?» ይላሉ። ይህን የሚያደርጉት ተማሪዎቹ አፍረው እንዳይከራከሯቸው ነው። እኔ አወጣለሁ። ይሳቃል፣ ይጨበጨባል። ጨርቁ ሲፈታ ዓይኔ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ ነው የሚቀረው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ሳቅ አለ።

እምቢ ያላልኩት ቃል ስለገቡልኝ ነው። «ዘንድሮ አንድ ፕሮጀክት ከነሽቦው ላንቺ እሰጥሻለሁ» ብለውኝ ነበር። «ተማሪው አልፎበት፣ ዕቃው ሳይመለስ ከቀረ ሌላ ጠራጊ እቀጥራለሁ፤ አንቺ ወደ ሽቦ ትገቢያለሽ። ከተመለሰ ግን ስለ ሽቦ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

የሰጡኝ የአንዲት ልጅ ፕሮጀክት ነበር። ፀሐይን እየተከተለ የሚዞር ሶላር። ከደብተር የማይበልጥ ሶላር፣ በግራና በቀኙ ብርሃን የሚያዩ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች፣ ከሥሩ ስቴፐር ሞተርና ከባድ የብረት መቆሚያ። ብርሃን በግራ ሲበዛ ወደ ግራ፣ በቀኝ ሲበዛ ወደ ቀኝ። ልጅቷ ከእኔ ጋር እኩያ ትመስለኛለች። ጥፍሯ ረጅም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሰው ስታናግር ትከሻ የምትነካ ዓይነት ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የመጣች ቀን ጋሼ እንደ ልማዳቸው ዓይኔን አሰሩኝ። እኔ ስላልታየኝ አላወቅኩም፤ ለካ በስልኳ እየቀረጸችኝ ነበር።

«የልደታዋ ጠንቋይ» ብላ ለቀቀችው።

በማግስቱ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊቴ ያለ ጎረምሳ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ስልኩን፣ ከዚያ እንደገና እኔን። ዓይኑን በእጁ ሸፈነና በሌላው እጁ አየሩን ዳሰሰ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ተራዬን ትቼ በእግሬ ተመለስኩ። ብሎካችን ደረጃ ላይ የሚጫወቱ ሕፃናት እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳ ይደባብሱ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ፤ ጨዋታው ይብሱኑ ደመቀ። አክስቴ ጎረቤት ቤት አይታው መጣች። «ሥራ ገባሁ ያልሽኝ ይሄ ነው? ዓይንሽን ታስረሽ የወጠጤ መጫወቻ መሆን?» አለችኝ። «አሁን እኔ በየት በኩል ነው ሰው ፊት የማልፈው?»

ልጅቷን «ቪዲዮውን አጥፊልኝ» ለማለት ሁለት ቀን ተለማመድኩ። ሽንት ቤት ስወለውል ለባልዲው እናገር ነበር። በሦስተኛው ቀን የፕሮጀክቱን ሽቦ እየዘረጋሁ እያለ ብቻዋን መጣች።

«እባክሽ… ያንን ቪዲዮ…»

«የቱን?»

«ያንን… የለቀቅሽውን።»

«አይ አንቺ! ታዋቂ አደረግኩሽ እኮ! ስንት ሰው እንዳየው ብታውቂ። ኮመንቱን ላንብብልሽ?»

«አጥፊልኝ።»

«ምን? አልሰማሁሽም፣ ማሬ። ጮክ በይ።»

«አጥፊልኝ።»

ስልኳን አወጣችና ወደ ፊቴ አቀናችው። «እስቲ ድገሚው። ቆይ፣ ቆይ፣ ጸጉርሽን ወደ ኋላ አድርጊው። እሺ፣ አሁን።»

ጋሼ ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል። «ተዪያት!» አሉ። እሷን የሚቆጧት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔን ነው። «ደንበኛ ናት። ደግሞ ለሱቁ ማስታወቂያ ነው።»

ቢሆንም ሥራውን በደንብ ሠራሁት። ይህንን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ጥቁርና ቢጫውን ድራይቨሩ ላይ በአንድ ወገን፣ ቀይና ሰማያዊውን በሌላው ወገን በብሎን አጠበቅኩ። ከድራይቨሩ ወደ ቦርዷ አራት ቀጭን ሽቦ፤ ከአዳፕተሩ ሁለት። ልጅቷ በመጣች ቁጥር ላሳያት ሞከርኩ። «እነዚህ ጥንድ ናቸው፤ ብታውቂው…» ስላት «እኔ ኤሌክትሪሻን ልሆን ነው እንዴ? ወረቀቱን ብቻ ስጪኝ» አለችኝ።

ያለቀ ቀን ጋሼ ሞከሩት። የስልክ መብራት በግራ ሲያበሩ ሶላሩ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞረ፤ በቀኝ ሲያበሩ ወደ ቀኝ። ጡት የሚፈልግ ሕፃን ነው የመሰለኝ። ጋሼ ሁለት ሦስቴ ደጋገሙት። «ሙጫ አድርጊበት» አሉና ዕቃ ሊገዙ ወደ መርካቶ ሄዱ።

ሙጫውን የሚያቀልጠው ሽጉጥ መሳይ ዕቃ እስኪግል ድረስ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከውጭ ሕፃናቱ ይሰሙኛል። አንዱ «ጠንቋዪቱ ወጣች?» ይላል፣ ሌላው «ገና ናት» ይለዋል። ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ።

ሁለቱን ጥንዶች ብደባልቅ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ማንም ሰው ሞተሩ ተበላሽቷል ይላል። አንዱን ጥንድ ብቻ እርስ በርሱ ብገለብጥ ግን ሞተሩ በደንብ ይሠራል። ድምፁም ልክ ነው፣ እርምጃውም ልክ ነው። የሚሄደው ግን ወደ ኋላ ነው። ብርሃን በግራ ሲመጣ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ይህን በልቤ ሳየው ደስ አለኝ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ደስ አለኝ። ካቻቪቴውን አንስቼ የቀዩንና የሰማያዊውን ብሎን ፈታሁ፣ አቀያየርኳቸው፣ መልሼ አጠበቅኩ። ሙጫውን ከሌላ ጊዜ አብዝቼ አፈሰስኩበት። ስለ ቃል ኪዳኑ ያሰብኩት ሙጫው ከደረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ልጅቷ ነካክታው ነው እላለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማን ያውቃል? ሙጫ ሥር ማን ያያል?

ካርቶኑን ልትወስድ ስትመጣ «ጋሼ እስከ ነገው ፈተና ድረስ እንዳትሰኪው ብለዋል» አልኳት። ጋሼ እንደዚያ አላሉም። በሕይወቴ ሰው ዓይን ዓይን እያየሁ ያለ መንተባተብ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ውሸት ነው።

«እሺ፣» አለች፣ «ግን ይከብዳል። ነገ ኮሌጁ ድረስ አብረሽኝ ትይዥልኛለሽ። ጋሼን አስፈቅጃለሁ።»

ስለዚህ እኔም ነበርኩ። በማግስቱ ካርቶኑን ታቅፌ ከኋላ ከኋላዋ ወደ ሜክሲኮ ሄድኩ። እናቷም አብራን ነበረች። ነጭ በነጭ ለብሳለች፤ ኮሌጅ ግቢ ስትገባ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ታስታውቃለች፤ የሚያልፈውን ተማሪ ሁሉ እጅ ትነሳለች። «ልጄ፣ ክንድሽ ዛለ፤ እስቲ እኔ ደግሞ ልያዝልሽ» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ደረጃው ላይ ላቤን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ካቻቪቴው ኪሴ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ «እማማ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» ብል፣ ሙጫውን ልጬ ሁለት ብሎን ብፈታ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አስቤዋለሁ። ያላሰብኩ መስዬ መጻፍ አልፈልግም። አስቤው ተውኩት።

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ ቤተሰብ ከኋላ ቆሟል። ልጅቷ ወረቀቱን አንድ ቃል ሳትስት ተናገረች። ድምፅዋ ያምር ነበር። ፈታኙ መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «መልካም። እስቲ ፀሐይ ላውጣልሽ» አለና የስልኩን መብራት በግራ በኩል አበራ።

ሶላሩ ዝግ ብሎ፣ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ፣ ወደ ቀኝ ዞረ።

እናቷ እልል አለች። ሲንቀሳቀስ ስላየች የሠራ መስሏታል። ረጅም እልልታ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

ፈታኙ መብራቱን ወደ ቀኝ ወሰደው። ሶላሩ ወደ ግራ ሄዶ ግድግዳውን አየ። «ምነው፣ ተቀያየማችሁ እንዴ?» አላት። ሳቅ ተነሣ። ከኋላ አንድ ተማሪ «ፀሐይ እንዳያጠቁረው ነው!» ሲል ሳቁ ባሰ። እናቷ ሰው ሲስቅ አይታ እሷም ሳቀች፤ እንደገና እልል ልትል አፏን ስትከፍት የልጇን ፊት አየች።

«ቀላል ነው» አለ ፈታኙ። «የቦርዷን ኮድ መንካት እንኳ አያስፈልግሽም። ከሞተሩ አንዱን ጥንድ ገልብጪው። ጊዜ እሰጥሻለሁ፤ አይዞሽ።»

ልጅቷ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን የሙጫ ክምር አየች። ከዚያ እኔን። ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ክንዴን ያዘች።

«የቱ ነው? እባክሽ። የቱን ከየቱ ጋር? በሹክሹክታ ንገሪኝ።»

«እኔ ጠራጊ ነኝ» አልኳት።

ፈታኙ ጎንበስ ብሎ ሙጫውን በጥፍሩ ጫረው። «ይህን ሙጫ አውቀዋለሁ» አለ። «ዘንድሮ ስንት ጠረጴዛ ላይ አየሁት። ይህን ማን ነው የሠራልሽ?» ወረቀቱ ላይ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ለከርሞ በእጅሽ ሠርተሽ ነዪ ብሎ አሰናበታት። የመመረቂያ ልብሷ ተሰፍቶ አልቆ ነበር። ይህን ያወቅኩት እናቷ መንገድ ላይ ደጋግማ ስላለችው ነው፤ «ልብሱ አልቋል እኮ፤ ዘመድ ተጠርቷል እኮ፤ ልብሱ አልቋል እኮ።»

በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑን ይዘው ሱቁ መጡ። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል። ጋሼ ሙጫውን በምላጭ ይቆርጡ ጀመር። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ ነበር፤ አንድ ቦታ ብቻ ደጋግሜ ወለወልኩ። ሙጫው ተነሣ። ጋሼ ቀዩንና ሰማያዊውን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ። መልሰው ሽቦውን አዩ።

«ነክተሽዋል» አሏት ልጅቷን።

«አልነካሁም! በማርያም፣ ጋሼ! ሙጫው እንዳለ ነው እኮ፤ አሁን እርስዎ አይደሉ የቆረጡት?»

«ሙጫ በየሱቁ ይሸጣል። እማማ፣ እኔ ሞክሬው ነው የሰጠሁት። ልጅዎ ከፍታ ነካክታዋለች።»

እናቷ ልጇን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ልጄ፣ አብረሽን ነበርሽ። እጅሽ አዋቂ ነው ይላሉ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ነክታው ነው?»

ለመዋሸት ቃል እንኳ አላስፈለገኝም። ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ።

ልጅቷ ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጣች። የምትመታኝ መስሎኝ መወልወያውን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። አልመታችኝም። የተመታችው እሷ ናት፤ እናቷ በሁሉም ፊት በጥፊ አለቻት። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሴትዮዋ ሰው መትታ የምታውቅ አትመስልም፤ ከመታች በኋላ የገዛ እጇን ያዘች። «አራት ዓመት!» አለቻት። «አራት ዓመት ወገቤ ተቆርጦ! ደግሞ የሰው ስም ታጠፊያለሽ?» ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ ጎንበስ አለች። «ይቅር በለን፣ ወንድሜ። ልጅ ናት።»

«ምንም አይደል፣ እማማ» አሉ ጋሼ።

ወጡ። ልጅቷ ከፊት፣ እናቷ ሁለት እርምጃ ርቃ ከኋላ፤ አብረው የመጡ ሰዎች አይመስሉም ነበር። በልብስ ገመዱ ሥር ሲያልፉ ከላይ የነበሩት ሴቶች እንኳ አልሳቁም።

ጋሼ በሩን ገፋ አደረጉት። ድራይቨሩን ከነተንጠለጠለው ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እኔ የሚያባርሩኝን ቃል እየጠበቅኩ ነበር፤ እንዲያውም እንዲያባርሩኝ ፈለግኩ።

«ስሞክረው ልክ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሙጫውን ያፈሰስሽው አንቺ ነሽ። የማያውቅ ሰው ቢያበላሸው ኖሮ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ወይ ቦርዷ ትቃጠል ነበር። ይሄኛው ግን የአዋቂ ሥራ ነው። ቀይና ሰማያዊ።» ከዚያ ሳቁ፤ የቁጣ ሳቅ አይደለም፤ እየተደነቁ ነው የሳቁት። «እኔ እንኳ አይመጣልኝም ነበር እኮ።»

ድራይቨሩንና ካርቶኑን ከነሙጫው ቁርጥራጭ አንስተው የብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገቡና ቆለፉበት። ቁልፉን ቴስተሩ ካለበት ኪስ ጨመሩት። እጄ ላይ ያለውን መወልወያ ወስደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ጠራጊ እንደሚቀጥሩና ከነገ ጀምሮ ሽቦ ላይ እንደምሆን ነገሩኝ። የምፈልገው ይህ ነበር። እንዲህ ሆኖ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«ጋሼ» አልኳቸው። «እኔ… ብሄድ ነው የሚሻለኝ።»

ገዋናቸውን አስተካከሉ፣ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፣ ሌላ ሞተር አነሡ። ሲመልሱልኝ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ወዴት ነው የምትሄጂው? እኔ ስለዚያ ካርቶን አንድ ቃል ከተናገርኩ ማን በሩን ይከፍትልሻል? አርፈሽ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነዪ፤ ነገ ሦስት ሞተር አለ።»